ጨርቅ የለበሰው ማሽን

ጎንደር፣ ማራኪ
የካቲት 18 ቀን 2016

ማሽኑን ሸጠኸው እንዳይሆን ብለሽ መጻፍሽ ነው የገረመኝ። እኔ ኢልያስ? ማራኪ ላይ ጌም ቤት የከፈተ ብዙ ነው፤ ማሽን የሚባል ኮምፒውተር ያለው ግን አንድ ሰው ነው፣ እሱም ይህን የሚጽፍልሽ ነው። የሌሎቹን ሬዲዮ በይው። ልሽጠው ብል የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪ በሙሉ ተሰልፎ ይሻማበታል። አልሸጥኩም። አላጠፋሁም። «እናቴ ታመመች» ብለሽ በጠዋት ወደ ዛሪማ ስትሮጪ «ሥራው እስኪያልቅ እንዳታጠፋው» አልሽኝ፤ ይኸው እስከዛሬ ጥግ ላይ ተቀምጦ እንደ ወፍጮ ያጓራል። መብራት ሲሄድ ባትሪው ይይዘዋል፣ ባትሪው ሲደክም ጄኔሬተር አስነሣለታለሁ። ለገዛ እህቴ ሰርግ እንዲህ አልለፋሁም።

ሰላምታ ያላስቀደምኩት ስለተናደድኩ ነው። እንግዲህ አሁን ልጠይቅሽ፤ ሰላም ነሽ ወይ? እናትሽ እትዬ ይመኙሽ ተሻላቸው? አባትሽ አያ ነጋስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ኔትወርክ ቢኖር ደውዬ ነበር የምሰድብሽ፤ ከሊማሊሞ ወዲያ ስልክ ስለማይሠራ ግን ይኸው ደብዳቤ ጸሐፊ አደረግሽኝ። ስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም። ጽሕፈቴ ግን ሸጋ ነው፣ አንቺም ታይዋለሽ።

ሰው የሚለውን ልንገርሽ። ጎረቤቶቼ ማሽኑ ብር ያትማል ይላሉ። ፋኑ ሲጮህ ይሰማሉ፣ የሚጫወትበት ሰው ግን አያዩም። «ኳንተም ነው» እላቸዋለሁ። «ኳንተም ምንድነው?» ሲሉኝ «ለናንተ ዓይነቱ አይነገርም» ብዬ በሩን እዘጋለሁ። እውነቱን ለመናገር ለኔም በቅጡ አልተነገረኝም። እኔ የያዝኩት እንዲህ ነው፤ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ኳንተም የሚባል አዲስ ማሽን ሠርተው «ይህን መልስ አወጣንበት» ይላሉ። አንቺ ደግሞ ያንኑ ሥራ በኔ ተራ ማሽን ደግመሽ እውነት ይሁን ውሸት ታጣሪያለሽ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ። ስለዚህ ያንቺ ሙያ ሰው መጠርጠር ነው ማለት ነው። ጥሩ። ግን ፈረንጆቹን ጠርጥሪ፣ እኔን ተዪኝ።

ሌላው፤ ባምላክ የሚባል ረጅም ልጅ መጥቶ «የፀደይ የክፍል ጓደኛ ነኝ፣ ስክሪኑን አንድ ጊዜ ልየው» አለኝ። ዓይኑ አላማረኝም። «ስክሪን ማየት ከፈለግህ ቤትህ ቴሌቪዥን የለህም?» ብዬ ሸኘሁት። ማነው እሱ?

ማሽኑን እንዴት አድርጌ እንደጠበቅኩት በደብዳቤ አልናገርም። የደብዳቤው አድራሽ ሹፌሩ አወቀ ነው፣ አይሱዙው ላይ ተቀምጦ ሳያነበው አይቀርም።

ኢልያስ


ዛሪማ
የካቲት 26 ቀን 2016

ኢልያስ፣ እንዴት ከርመሃል። የጠየቅሁህ ብትናደድም ባትናደድም የምጠይቀውን ነው፤ ከተቀየምህ ይቅርታ። እናቴ ትንሽ ቀና ብላለች። ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። አባቴም ደህና ነው፣ «ያ አፈኛ ልጅ እንዴት ነው?» ይልሃል።

ባምላክን የላክሁት እኔ ነኝ። ይህ ደብዳቤዬ አንተ ጋ ሳይደርስ እሱ ቀድሞ መጣ እንጂ አብሮኝ የሚማር ነው። ምነው አባረርኸው? አሁንም ሲመጣ አስገባው፣ ስክሪኑን አይቶ እንዲጽፍልኝ ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሥራው አልቆ ጽሑፉን ከሆሳዕና በፊት ካላስገባሁ ከዚህ በኋላ አይቀበሉኝም፤ የለፋሁበት ሁሉ እዚያው ቀረ ማለት ነው። እንዲያውም ቀድሞ ያልቅ ነበር። የኳንተሙ ማሽን የሚሠራባቸው ኩቢት የሚባሉት ቅንጣቶች ሠላሳ ይበቁኛል ስልህ «የኔን ማሽን ናቅሽው» ብለህ ሠላሳ አንድ አስደረግኸኝ። አንድ ብቻ ጨመርን ብለህ ሳቅህ። እኔ ግን ነግሬህ ነበር፤ አንድ ኩቢት በጨመረ ቁጥር ማሽኑ የሚይዘው ቁጥር እጥፍ ይሆናል። አባትህ ሱቁ ውስጥ የሚሸጠውን ጨርቅ አንድ ጊዜ ስታጥፈው ሁለት ድርብ፣ ደግመህ ስታጥፈው አራት፣ እንደዚያ እያልህ ሠላሳ አንድ ጊዜ አጥፈው እስቲ። የምትይዝበት እጅ ታጣለህ። ያንተ ማሽን አሁን የያዘው ያንን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ስክሪኑ ላይ ከመቶ ስንት ይላል? ከላይ በስተግራ ተጽፏል። ሌላ አልጠይቅህም።

መቼ እንደምመለስ እርግጠኛ አይደለሁም። እናቴን አይቼ ነው።

ፀደይ


ጎንደር፣ ማራኪ
መጋቢት 6 ቀን 2016

ዛሬ የምጽፍልሽ ጾሜን ሆኜ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልሳደብም። የናንተም ጾም የኛም ጾም ዘንድሮ ባንድ ቀን ገባ አይደል? ማራኪ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያዛጋል። ጌም ቤት ግን አይጾምም። ልጆቹ ረሃባቸውን የሚረሱት እኔ ጋ ነው።

ባምላክ ጓደኛሽ ነው ካልሽ ይሁን። መጣም ደግሞ። ፍላሽ ይዞ ነው የመጣው። ሊያይ ብቻ ከሆነ ፍላሹ ለምንድነው? «እኔ ላንተ ምን አደረግሁህ?» ይለኛል። ምንም ስላላደረገኝ እኮ ነው የምጠረጥረው፤ የሚያጠፋ ሰው አስቀድሞ ምንም አያደርግም። «ከሷ ፊርማ ያለበት ወረቀት አምጣ» አልኩት። «ደብዳቤው ያንተ ኪስ ውስጥ ነው ያለው» አለኝ። እሱ እንዴት አወቀ ኪሴ ውስጥ እንዳለ? እዚህ ላይ አስቢበት።

ከመቶ ስንት ደረሰ ላልሽው፣ ሥራው ሸጋ አድርጎ እየሄደ ነው። ስለ ቁጥሩ ስትመጪ እንነጋገራለን። ማሽኑ መጀመሪያ ላይ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር አላልኩሽም? አሁን ተለማመደ። ፋኑ ረጋ ብሏል፣ ጎኑን ስነካውም እንደ ድሮው አይፋጅም። ከሰሞኑ ጭጭ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ጎረቤቶቼም ዝም አሉ። የኔ ማሽን ሥራ ሲከብደው የሚጮኸው እስኪያውቀው ነው፣ ካወቀው በኋላ ጸጥ ይላል፤ እንደኔ ነው። ሠላሳ አንድ ስላልሽው ደግሞ፣ ሠላሳ አምስትም ብታደርጊው ይችለዋል።

አንቺ ግን የጠየቅኩሽን አልመለስሽም። መቼ ነው የምትመጪው? «እናቴን አይቼ» የሚባለው መልስ አይደለም። አወቀን ስለ አንቺ ስጠይቀው «አስተማሪዋ ደህና ናት» አለኝ። አስተማሪዋ? «ማንን ታስተምራለች?» ስለው «እኔ ምን አውቄ» ብሎ መኪናውን አስነሣ። የሹፌር «ምን አውቄ» ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ኢልያስ


ዛሪማ
መጋቢት 14 ቀን 2016

ኢልያስ፣ ዛሬ ሰላምታ የለም።

ከመቶ ስንት ብዬ ጠየቅሁህ፣ «ስትመጪ» አልኸኝ። ባምላክ ይየው አልሁህ፣ መለስኸው። አሁን ደግሞ ጸጥ ብሏል፣ አይፋጅም ብለህ ትኮራብኛለህ። ማሽን ሥራ አይለማመድም። ፋኑ ከረጋ፣ ጎኑም ከቀዘቀዘ፣ አይሠራም ማለት ነው። አልቆ ነው እንዳልል ገና ጊዜው አልደረሰም።

እኔ ያለሁት ተራራ ወዲያ ነው፣ አንተ የምትለኝን ከማመን በቀር ሌላ የለኝም። ስለዚህ የመጣልኝን ልጻፍልህ። ሥራዬን አቋርጠህ ልጆቹን ኳስ እያስጫወትህበት ነው። ቁጥሩን የማትነግረኝ ቁጥር ስለሌለ ነው። ባምላክን የምታባርረው እንዳያጋልጥህ ነው። ተሳስቼ ከሆነ በአንድ መስመር መመለስ ትችላለህ።

ፀደይ


ጎንደር፣ ማራኪ
መጋቢት 20 ቀን 2016

አቋርጠህ ኳስ እያስጫወትክበት ነው ብለሻል። ይህን ወንድ ቢለኝ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። አንቺ ስለሆንሽ እውነቱን እነግርሻለሁ፤ አወቀ ቢያነበውም ያንብበው።

ቁጥሩን ያልነገርኩሽ ስላላየሁት ነው። ያላየሁት ስለሸፈንኩት ነው። የሸፈንኩት አንቺ ስላልሽኝ ነው። ረሳሽው? እዚሁ በርጩማው ላይ ተቀምጠሽ «ይህ ኩቢት የሚባል ነገር ሰው ሳያየው ሁለቱንም ነው፣ ሰው ሲያየው ግን ይበላሻል፣ አንዱን ይሆናል» አላልሽኝም? እኔ ደግሞ ቁም ነገር አልረሳም። ሰው እንኳን ሲበላ ከዓይን ይከለል የለ። አንቺ በሄድሽ ማግስት ካባቴ ሱቅ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ አምጥቼ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አለበስኩት። ልጆቹ ወደዚያ ጥግ እንዳይዞሩ ወንበሩን ሁሉ አዞርኩ። ባምላክ «ልየው» እያለ ሲመጣ ምን ልበለው? ሊያየው እኮ ነው የመጣው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ እጄ ወደ ጨርቁ ሄዶ ተመለሰ፤ ወላሂ ለማንም እንዲህ ታምኜ አላውቅም። አንቺ ግን ሌባ አደረግሽኝ።

አሁን መጥፎውን ልንገርሽ። አባቴ ሱቁ ካለበት ከአዲስ ዓለም ሰፈር መጣ። ጎረቤት «ልጅህ በረመዳን ብር ያትማል» ብሎት ነው። ገብቶ ጥጉን አየ።

«ይህ ምንድነው የተሸፈነው?»

«አይነካም አባ፣ አይታይም።»

«የማይታይ ነገር በቤትህ ታስቀምጣለህ?»

«የሰው አደራ ነው፣ ከታየ ይበላሻል።»

«አንተ፣» አለኝ፣ «ከልጅነትህ ሱቄ ውስጥ አድገህ፣ እኔ የተሸፈነ ነገር ስሸጥ አይተህ ታውቃለህ? ጣቃውን ፀሐይ ላይ ዘርግቼ፣ ቀዳዳ ካለው ቀዳዳውን በጣቴ አሳይቼ ነው የምሸጠው። አደራ የተባለውን ሳታየው፣ እንዳለ በምን አወቅህ? ደግሞ የኔን ከፋይ ማን ውሰድ አለህ?»

ጎትቶ አነሣው። ሦስት ልጆች ነበሩ፣ እነሱም አዩት። እኔም አየሁት። ስለዚህ ተበላሽቶ ከሆነ ያየው አባቴ ሐጂ ዐብዱረሕማን ነው፣ ክሱንም ለሱ አድርጊው።

ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ጽሑፉ ነጭ። ከላይ በስተግራ ስድሳ ሁለት ይላል። ብዙ ጠበቅኩ፣ ከስድሳ ሁለት አይነቃነቅም። ከሥር ሁለት መስመር እንግሊዝኛ አለ፤ ፊደሉን እንደ ሥዕል አይቼ ከወረቀቱ ጀርባ ገልብጬልሻለሁ። «ሙሉ» የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ፣ ጌም ላይ አለች። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ፣ አጠገቡ አንዲት ትንሽ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች። እየጠየቀችኝ ነው። አልመለስኩላትም። አንቺ ሳትይ ምንም አልነካም።

አስተማሪ ስለሚለው ነገር እንዳለፍሽው አይቻለሁ።

ኢልያስ


ዛሪማ
መጋቢት 27 ቀን 2016

ኢልያስ፣ ደብዳቤህን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። አባቴ ደግሞ «ያንን ሐጂ ሳልሞት ባገኘው» ብሏል። ሌባ ስላልሁህ ይቅር በለኝ። ሳቄ ሲያልቅ ግን አለቀስሁ፤ ስንት ቀን ቆሞ እንደሆነ አሰብሁና።

ሲታይ ይበላሻል ያልሁህ ስለ እውነተኛው ነው፣ ውጭ አገር ስላለው። ያንተ ማሽን ኳንተም አይደለም። እውነተኛው የሚያደርገውን በሂሳብ እየተከተለ የሚያሰላ ነው፤ ያባዛል፣ ይደምራል፣ ያስቀምጣል። ጎንደር በሙሉ ተሰብስቦ ቢያፈጥበት አንዲት ቁጥር አትነቃነቅም። እንዲያውም እንዲህ የምደክመው ለዚህ ነው። እውነተኛውን መሐል ላይ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ያንተን ግን በፈለግንበት ቦታ አስቁመን እያንዳንዱን ቁጥር ማየት እንችላለን። የነዚያን ሰዎች መልስ የምናጣራበት ሌላ መንገድ የለንም። አንተ ደግሞ ያንን አንዱን መታየት የሚችለውን ሸፈንኸው።

የገለበጥኸውን አነበብሁት። የተበላሸ ነገር የለም። መብራት ቢጠፋ ከመጀመሪያ እንዳይነሣ ብዬ የደረሰበትን እየመዘገበ እንዲሄድ አድርጌው ነበር። ሠላሳ አንድ ስናደርገው የሚመዘግበውም እጥፍ ሆነ። አሁን ማስቀመጫው ሞልቷል። «ቦታ ይለቀቅልኝና ልቀጥል ወይስ ልተወው?» ነው የሚልህ። ያቺ ብልጭ ድርግም የምትለው መልስ እየጠበቀች ነው።

ቦታውን የያዙት ሌሎቹ ኮምፒውተሮችህ ከዚሁ ማሽን እየሳቡ የሚያጫውቷቸው ጌሞች ናቸው። ትልልቆቹ፣ በተለይ የኳሱ። ጎንደርም ኢንተርኔት ስለተዘጋ አንዴ ካጠፋሃቸው መልሰህ አታወርዳቸውም፣ ይህንን አውቃለሁ። ዒድ ደግሞ እየመጣ ነው፣ ልጁ ሁሉ አዲስ ልብስ ለብሶ አንተ ጋ የሚሰለፍበት። ስለዚህ አላዝህም። ማሽኑ ያንተ ነው። «ይተወው» ብለህ ብትመልስላት አልቀየምህም። ከቀጠለም እስከ ሆሳዕና ለጥቂት ነው የሚደርሰው።

ብቻ የምትነካ ከሆነ ባምላክን አስገባውና አብራችሁ እዩት።

አወቀ ስላወራው ስንገናኝ እንጫወታለን።

ፀደይ


ጎንደር፣ ማራኪ
ሚያዝያ 13 ቀን 2016

አላዝህም ብለሽ ማዘዝ ከማን ተማርሽ? እንደዚህ ሲባል እምቢ የሚል ሰው አለ? «አጥፋው» ብትይኝ ኖሮ ተከራክሬ፣ ሰድቤሽ፣ ይወጣልኝ ነበር።

ደብዳቤሽ በደረሰ ዕለት ባምላክን ራሴ ሄጄ ከዶርሙ ጠራሁት። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ «ና እይ» አልኩት፣ ይበቃዋል። አባቴም መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ባምላክ የቱን እንደምናጠፋ በጣቱ አሳየኝ፣ ቁልፉን የተጫንኩት ግን እኔ ነኝ። የኳሱ ሄደ። የመኪናው ሄደ። የጦርነቱም ሄደ። ከዚያ «ቀጥል» የሚለውን ተጫንኩ። ፋኑ እንዴት እንደጮኸ ብትሰሚ። አባቴ ጫማውን ይዞ ነው የወጣው። እኔ ግን እንዲያ ሲያጓራ የምወደው መሆኔን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ዒድ ደረሰ። ልጆቹ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። «ኳሱስ?» አሉኝ። «ኳንተም በላው» አልኳቸው። ሄዱ፤ ታች ያለው፣ ማሽኑን ሬዲዮ ያልኩበት ሰውዬ ጋ። ሦስት ቀን ሙሉ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር፣ እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሰልፉን አይ ነበር። አሁንም ድረስ «የኳንተሙ ሰውዬ» እያለ ይጠራኛል። ይጥራኝ። ኳንተም ምን እንደሆነ እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ።

ትናንት አለቀ። ከላይ በስተግራ መቶ ይላል። አልሸፈንኩትም፤ ስክሪኑን ወደ በሩ አዙሬ አስቀመጥኩት፣ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ባምላክ ከፈረንጆቹ ቁጥር ጎን ለጎን አድርጎ አየ አየና «ይገጥማል» አለ። አላመንኩትም፣ ድገመው አልኩት። ደገመው። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ሦስተኛ ሆኖ አየው፣ ምንም ባይገባውም። ይገጥማል። ፈረንጆቹ አልዋሹም ማለት ነው። ቅር አለኝ፤ ቢዋሹ ነበር ደስ የሚለኝ። መልሱን ባምላክ በፍላሽ ገልብጦታል፤ አንዱ ፍላሽ እሱ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ ነው። ሁለት የሆነው ስለምጠረጥረው ሳይሆን ሁለት ስለሚሻል ነው። ትንሽ ስለምጠረጥረውም ነው።

ከፋዩን አባቴ አጣጥፎ ወደ ሱቁ መለሰው። አቧራ ስለነካው ለሚገዛው እንደሚናገር ነግሮኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባምላክ ቁጥሩን አይቶ ደስ ሲለው አፉ አመለጠው። «ምነው ለዛሪማ ትምህርት ቤት ላስተምር ብላ ባልፈረመች» አለ። «መቼ ነው የፈረመችው?» አልኩት። ሊያፍነው ፈለገ፣ አባቴ አጠገቡ ስለነበር መዋሸት አልቻለም። የካቲት ላይ ነው አለኝ። ገና እንደሄድሽ። ማሽኑን ሸጠኸው እንዳይሆን ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት።

አሰብኩበት። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ብሆንም ማሰብ አላቋረጥኩም። አንቺ ያን ስትጽፊ ፈርተሽ አልነበረም፤ ሸጦት በሆነ ብለሽ ተመኝተሽ ነበር። እኔ ሸጬው፣ ወይ አጥፍቼው፣ ወይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ «ማሽኑ ነው፣ ያ አፈኛ ኢልያስ ነው» ብለሽ እዚያው ትቀሪ ነበር። እናትሽ ታመው ነበር፣ አምናለሁ። አባትሽም አርጅተዋል። ልጅ ብትቀር ማንም አይፈርድባትም። ግን ከቀረሽ ባንቺ ይሁን፣ በኔ ማሽን አታሳብቢ። የምታሳብቢበትን እኔ አጥፍቼዋለሁ፤ ከኳሱ ጋር።

ተሳስቼ ከሆነ በአንድ መስመር መመለስ ትችያለሽ፤ ይህ ያንቺው ቃል ነው።

ባምላክ ጽሑፉን ከሆሳዕና በፊት ራስሽ ቀርበሽ ነው የምታስገቢው ብሎኛል፣ እሱ ሊያስገባልሽ አይችልም። መንገዱ ክፍት ነው። አወቀ ዛሪማ የሚቆየው ጭነቱን እስኪያራግፍ ነው፣ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለሰው እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ እናቴን አይቼ፣ ስንገናኝ፣ እንጫወታለን የሚባል ነገር አልፈልግም። ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም? ወይ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፣ ወይ አልመጣም ብለሽ ጽፈሽ ለሱው ስጪው። ዛሬውኑ፣ ሳትሸፍኚ።

ኢልያስ